የመታጠቢያ ቤት መብራት ሲበላሽ፦ ባለሙያ ከመጥራት በፊት የሚያሳስቱን ሰባት እምነቶች

የመታጠቢያ ቤት መብራት እምቢ ሲል ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ወንበር አምጥቶ አምፖሉን ይነካካል፣ ወይ ምንም ሳያይ ባለሙያ ጋ ይደውላል። በሁለቱ መሀል ግን ማንም ሰው ያለ ስጋት ሊያያቸው የሚችላቸው ብዙ ነገሮች አሉ። የሚያስቸግረው፣ ስለ ኤሌክትሪክ ከአፍ ወደ አፍ የምንቀባበላቸው አንዳንድ እምነቶች አደገኛውን ነገር ቀላል፣ ቀላሉን ደግሞ አስፈሪ አድርገው ማሳየታቸው ነው። ውሃና እንፋሎት ባለበት ክፍል ደግሞ እንዲህ ያለ ስህተት ሕይወት ያስከፍላል።

«ማጥፊያውን ካጠፋሁ አምፖሉን መንካት እችላለሁ»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ስለሆነ አስቀደምኩት። ማብሪያ ማጥፊያው በትክክል ከተገጠመ የሚያቋርጠው ፌዙን፣ ማለትም ኃይል ይዞ የሚመጣውን ሽቦ ነው። አንዳንድ ቤት ግን ሽቦው ተገላብጦ በማጥፊያው በኩል የሚያልፈው ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ባለ ቤት ማጥፊያው ሲጠፋ አምፖሉ ይጠፋል፤ ፌዙ ግን እስከ አምፖል መያዣው ድረስ እንዳለ ነው። ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ትክክለኛውን ከተገላበጠው የሚለይበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ አምፖል ለመቀየርም ሆነ ሽፋን ለመክፈት መጥፋት ያለበት የመስመሩን ኃይል የሚቆርጠው ብሬከር ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ መብራቱ ቀድሞውንም የማይበራ ከሆነ ትክክለኛውን ብሬከር ማጥፋትዎን በመብራቱ መጥፋት ሊያረጋግጡ አይችሉም። የትኛው የየትኛው እንደሆነ በግልጽ ካልተጻፈ ዋናውን ያጥፉና በእጅ ባትሪ ይሥሩ። ኃይል ሲያገኝ የሚበራ ቴስተር ካለዎት ኃይሉን ከማጥፋትዎ በፊት በሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞክሩት። ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ አለመብራቱ ምንም አይነግርዎትም።

«የላስቲክ ጫማ ካደረግሁ አይነዝረኝም»

ደረቅ ላስቲክ ጫማ የሚዘጋው አንዱን መንገድ ብቻ ነው፤ በእግር በኩል ወደ መሬት የሚሄደውን። አንድ እጅ ፌዙን፣ ሌላው እጅ የብረት ቧንቧ ከነካ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል ያልፋል፣ ጫማውም አያግደውም። የረጠበ ነጠላ ጫማ ደግሞ ላዩ ላይ ያለው ውሃ መተላለፊያ ይሆናል። ቆዳችንም ሲረጥብ ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙ በጣም ይቀንሳል፤ ሳሎን ውስጥ አስደንግጦ የሚለቅ ንዝረት ከገላ መታጠብ በኋላ ላይለቅ ይችላል።

«እኛ ቤት አርሲዲ አለ» ብሎ የሚዘናጋም አለ። አርሲዲ በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን ኃይል እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ያመሳክራል፤ ልዩነት ሲያይ በቅጽበት ይቆርጣል። ብዙ ቤቶች ውስጥ የሚገጠመው በ30 ሚሊአምፔር የሚሠራው ነው። ሕይወት አድን መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ እጁ ፌዙን፣ በሌላው ኒውትራሉን ከያዘ የወጣው ሁሉ ስለሚመለስ ልዩነት የለም፤ አርሲዲውም ዝም ይላል።

«ብሬከር ሲወርድ እስኪይዝ ድረስ መላልሶ ማንሳት ነው»

መጀመሪያ ስለ አነሳሱ። አንዳንድ ብሬከሮች በራሳቸው ሲወርዱ እጀታቸው መሀል ላይ ይቆማል። ከመሀል ወደ ላይ ቢገፉት አይይዝም፤ ሰውም «ብሬከሩ ተበላሽቷል» ይላል። እስከ መጨረሻው ወደ ታች አውርዶ ከዚያ ማንሳት ያስፈልጋል። ይህንን አንድ ጊዜ መሞከር ይቻላል። እንደገና ከወረደ ግን ሌላ ሙከራ አያስፈልግም፤ የሚቀረው መቼ እንደሚወርድ ማስተዋል ነው።

ማብሪያው ሲበራ ወዲያው ከወረደ አምፖሉ፣ መያዣው ወይም ወደዚያ የሚሄደው ሽቦ ውስጥ ኮንታክት (የፌዝና የኒውትራል መነካካት) አለ ማለት ነው። ማብሪያው ጠፍቶ እያለም አልይዝ ካለ ችግሩ ከማብሪያው በፊት ወይም በዚያው መስመር ላይ ባለ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የወረደው አርሲዲው ከሆነ፣ ማለትም ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለበት፣ የሚወርደውም ሙቅ ሻወር ከተወሰደ በኋላ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መብራቱ ውስጥ የገባ እርጥበት ነው። የመስታወት ሽፋኑን ከታች ሆነው ይመልከቱ፤ ውስጡ የውሃ ጠብታ ወይም ቡናማ የውሃ ምልክት ካለ መልሱን አገኙ።

«በትልቅ ብሬከር እንቀይረው» የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ለመብራት በተለመደው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ የ10 አምፔሩን አውጥቶ 25 አምፔር መግጠም፣ ሽቦው ሲግል ማንም እንዳያውቅ ማድረግ ነው።

«ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል»

ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ግን ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ። አምፖሉን ሌላ ክፍል ውስጥ በሚሠራ መያዣ ላይ ይሞክሩት። እዚያ ከበራ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም።

ቀጥሎ የሚታየው መያዣው ነው፤ ዋናው ጠፍቶ፣ እጅም ወለሉም ደረቅ ሆኖ። በሚጠመዘዘው ዓይነት መያዣ ውስጥ መሀል ላይ ትንሽ የናስ ምላስ አለች። አምፖሉ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ትደፈጠጥና የአምፖሉን ጫፍ መንካት ታቆማለች፤ ያኔ አምፖሉ ጠብቆ የገባ መስሎ አይበራም፣ ወይም በር ሲዘጋ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ምላሷ ንጹሕ ሆና ዝቅ ብላ ብቻ ከሆነ በጥቂቱ ቀና ማድረግ ይበቃል። ከጠቆረች፣ አረንጓዴ ዝገት ከያዘች ወይም ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ግን መያዣው ይቀየራል እንጂ አይጸዳም።

ፍሎረሰንት ከሆነ ጫፎቹ መጥቆራቸውን ይዩ። ጫፎቹ ብቻ በርተው መሀሉ ከቀረ ስታርተሩን መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

«ኤልኢዲ ስለሆነ ዕድሜ ልክ ያገለግላል»

ብርሃን የሚሰጠው ክፍል ዕድሜው ረጅም ነው። ቶሎ የሚሞተው እግሩ ውስጥ ያለው፣ ኃይሉን ለኤልኢዲው የሚያመቻቸው ድራይቨር ነው፤ ጠላቱም ሙቀት ነው። የመታጠቢያ ቤት መብራቶች እንፋሎት እንዳይገባባቸው ስለሚዘጉ ሙቀቱም አይወጣም። ካርቶኑ ላይ ለዝግ ሽፋን ይሆናል ወይም አይሆንም የሚል ካለ ያንብቡት።

«ጠፍቶ እያለ ጭል ጭል ካለ፣ ወይም ካርገበገበ፣ የቮልቴጅ ጉዳይ ነው»

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኤልኢዲ ጠፍቶ እያለ ደብዝዞ ቢበራ ማብሪያው ላይ በጨለማ የምታመለክት ትንሽ መብራት መኖሯን ይዩ፤ በእሷ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኃይል ለኤልኢዲ ትበቃለች። አጠገብ ለአጠገብ የተዘረጉ ረጃጅም ሽቦዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። እነዚህ አያሰጉም። ሦስተኛው ምክንያት ግን መጀመሪያ ያነሳሁት የተገላበጠ ሽቦ ነውና አመልካች ከሌለው ባለሙያ ይየው።

መርገብገብ ሲሆን ጥያቄው «እሱ ብቻ ነው ወይስ ቤቱ በሙሉ?» ነው። እሱ ብቻ ከሆነ የላላ አምፖል፣ የደከመ መያዣ ወይም የማይስማማ ዲመር (የብርሃን መጠን መቆጣጠሪያ) ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ክፍል ደምቆ ሌላው ሲደበዝዝ፣ ሌላ ዕቃ ሲከፈት ደግሞ ሲገለባበጥ ካዩ መስመሩ ላይ ኒውትራል ላልቷል ወይም ተበጥሷል። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ይህ ሲሆን 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ዋናውን አጥፍቶ ኃይል አቅራቢው ጋ መደወል ነው፤ የአምፖል ጉዳይ አይደለም።

«ባለሙያው ሲመጣ ራሱ ያገኘዋል»

እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ባለሙያው ባለበት ሰዓት ላይታይ ይችላል። ከሻወር በኋላ ነው ወይስ ሁልጊዜ? የወረደው የቱ ነው? አምፖሉ ሌላ ቦታ በርቷል? አየር ማውጫውም አብሮ ቆሟል? እነዚህን በስልክ ቢነግሩት ይዞት የሚመጣው ዕቃ ራሱ ይለያል።

ምርመራው መቀጠል የሌለበት ጊዜም አለ፤ ማብሪያው ሲነካ ከሞቀ፣ ከተንጫጫ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ከመብራቱ ውሃ ከተንጠባጠበ። ከሁሉ የሚብሰው ቧንቧው ወይም ሻወሩ ሲነካ «ትንሽ ውርር» ማድረጉ ነው። ብዙ ሰው ለምዶት ይኖራል፤ አይለመድም። ወዲያው ይውጡ፣ ዋናውን ያጥፉ፣ ባለሙያው እስኪመጣ ማንም እንዳይታጠብ። የቆጣሪው ሣጥን ላይም «አታብሩ» የሚል ወረቀት ይለጥፉ፤ ከውጭ የሚገባው የቤት ሰው መብራት የሄደ መስሎት መልሶ እንዳያነሳው።