ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም ያለው ማነው?

ደሴ ላይ በጥብቅና ስሠራ እንደዚህ አባባል ያንገሸገሸኝ ነገር የለም፦ "ቅዳሜና እሁድ ስለማይቆጠር ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል ብለውናል።" ዓርብ ሰው በታሰረ ቁጥር ቤተሰብ ይህንኑ ይነግረኛል። ነግሮኝም አምኖ ይቀመጣል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። የሚቀነሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ። ከወረኢሉ ገጠር ለተያዘ ሰው መንገዱ ይታሰባል። ደሴ ፒያሳ ተይዞ እዚያው ደሴ ለሚቀርብ ሰው ግን የምን መንገድ አለ? ድንጋጌው ውስጥ ቅዳሜ የሚል ቃል የለም። እሁድም፣ በዓልም የለም። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ለተያዘ ሰው ጊዜው እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ያልቃል። በቃ።

ደግሞ "ፖሊስ 48 ሰዓት የማሰር መብት አለው" የሚሉ አሉ። ጣሪያ እንጂ ፈቃድ አይደለም። መጀመሪያውኑ ሰውየው የሚያዝበት በቂ ምክንያት ሊኖር ይገባል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቅረብ ከተቻለ ደግሞ ያኔውኑ ማቅረብ ነው።

በሌላ በኩል 48 ሰዓት ሲሞላ በሩ በራሱ አይከፈትም። የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። መጠየቂያው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይባላል። የዚሁ የአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ አለ፤ አቀራረቡን ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 ያሳያል። የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከአቤቱታው ጋር የሚያያዘውን ቃለ መሐላ ታሳሪው ራሱ መስጠት ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ይሰጣል።

አንዲት እናት ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው ከዓርብ ጀምሮ አልቀረበም። ያዘጋጁለትን ምሳ በፌስታል እንደቋጠሩ ነው።

"እናቴ፣ ስንት ሰዓት ላይ ያዙት?"

"እኔ ሰዓት በምን አውቄ ልጄ! አስር ሰግጄ ጀበናውን ልጥድ ስል ነው።"

ይኸው ሰዓቱ! የአስር ሶላት ወቅቱ ይታወቃል። ያሉትን ቃለ መሐላው ላይ አሰፈርነው። ፍርድ ቤቱ ታሳሪውን ይዛችሁ ቅረቡ ብሎ አዘዘ። በማግስቱ ልጁ ችሎት ቀረበ፤ ተለቀቀ።

ስለዚህ ሰው ሲያዝባችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ። ደብተር ከሌለ የልጆቹ የሂሳብ መሥሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉት። ማን እንደወሰደው፣ ወደ የትኛው ጣቢያ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ ማን እንዳየ። ከዚያ ጣቢያ ሄዳችሁ በምን እንደተጠረጠረ ጠይቁ። ሽማግሌ መላክ ባህላችን ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ሽማግሌው ሲመላለስ ሦስት ቀን ያልፍና ረቡዕ እኔ ጋ ትመጣላችሁ። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስኪዱት።

"ዝም ያለ ጥፋቱን አምኗል" ይባላል። አላመነም። ያለመናገር መብት አለው። በማስገደድ የተገኘ ቃልም ማስረጃ አይሆንም። ቃላችሁን ከሰጣችሁ ግን ሳታነቡት ወይም ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። "ልጅ አለኝ፣ ቶሎ ልውጣ ብዬ ፈረምኩ" ያሉኝን ሰዎች ጉዳይ ለማቃናት ስንት ወራት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

"ፖሊስ ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም።" አለበት፤ ያውም ሰውየው በሚገባው ቋንቋ። ባቲ ገበያ ላይ የተያዘ አፋርኛ ተናጋሪ በአማርኛ ስለተጮኸበት ተነግሮታል ማለት አይቻልም።

"መታወቂያ ያሳየ ፖሊስ ቤት ይፈትሻል።" የፍርድ ቤት ማዘዣ ይጠየቃል። ያለ ማዘዣ መግባት የሚቻለው በጠባቡ ነው፤ ለምሳሌ እጅ ከፍንጅ ወንጀል ፈጽሞ የሚሸሽን ሰው ሲያሳድድ። ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ፍተሻ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

"ጠበቃ የሚገባው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው።" ስህተት። በጥበቃ ሥር ያለ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ።

"አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ መብት የሚባል ነገር የለም" የሚለውንም ሰምቼ ሰልችቶኛል። 48 ሰዓቱን ጨምሮ ብዙ መብት ሊገደብ ይችላል፣ አልክድም። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ግን በምንም ዓይነት አዋጅ አይነካም። የእኩልነት አንቀጹም እንዲሁ። በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜውን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። አንቀጽ 93 ነው፤ የታሰረባችሁ ሰው ስም ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ለቦርዱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂውን እናንተ ጋ አስቀሩ።