ስለ አሰብና ዛንዚባር በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

አዳማ ላይ ስለ ወደብ ሳይወራ ቡና ተጠጥቶ አያልቅም። የጅቡቲ መስመር ከተማ ናትና አይገርምም። ግን የባሕር በር ታሪክ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች ስላሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«አሰብን የገዛው የጣሊያን መንግሥት ነው።»
መጀመሪያ የገዛው ሩባቲኖ የሚባል የመርከብ ኩባንያ ነው። የቀድሞው ሚስዮናዊ ጁሴፔ ሳፔቶ ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች ጋር በ6,000 ማርያ ቴሬዛ ብር የተዋዋለው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1869፣ ስዌዝ ቦይ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። መንግሥት ከኩባንያው የተረከበው በ1882 ነው።

«እንግዲያው መጀመሪያ ነገሩ ንግድ ብቻ ነበር።»
አልነበረም። መንግሥት ከጅምሩ ከኩባንያው ጀርባ ነበር። በ1885 ደግሞ ወታደሩ ምፅዋ ገባ።

«ሱልጣኖቹ ለገንዘብ ብለው አገር ሸጡ።»
ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። በምሥራቅ አፍሪካ ያለችውን ደሴት ዛንዚባርን ይገዛ የነበረውን ሱልጣን ባርጋሽን ለምሳሌ እንይ። በ1884 ካርል ፒተርስ የሚባል ጀርመናዊ ከደሴቷ ማዶ ካለው የባሕር ዳርቻ ወደ መሀል አገር ዘልቆ የመንደር አለቆችን በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ውል አስፈረመ። ባርጋሽ ግዛቱ የእኔ ነው ብሎ ተቃወመ፣ በርሊን ድረስ አቤት አለ። መልሱ በኦገስት 1885 ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት መልሕቅ የጣሉ የጀርመን የጦር መርከቦች ሆነ፤ ይረዱኛል ብሎ የተማመነባቸው እንግሊዞችም እሺ በል አሉት። ምን ያድርግ? የባሕር ኃይል የለው፣ ወዳጅ የለው።

ሌላም ነገር አለ። ዛንዚባር የጉምሩክ ቀረጥ መሰብሰቡን ለሕንድ ነጋዴዎች ማከራየት የቆየ ልማዷ ነበር። በ1888 ከባርጋሽ ቀጥሎ የነገሠው ሱልጣን ኸሊፋ የባሕሩን ዳርቻ አስተዳደር ለጀርመን ኩባንያ ሲሰጥ ወረቀቱ ያንኑ የድሮውን ኪራይ ይመስል ነበር፤ ልዩነቱ የአሁኑ ተከራይ ከኋላው መድፍ ማሰለፉ ነው።

«ኩባንያዎቹ ኃያል ስለነበሩ ነው ያሸነፉት።»
እንዲያውም አቅም አልነበራቸውም። ውሉ በሱልጣኑ ስም አስተዳድሩ ይላል፤ በዚያው ዓመት ፓንጋኒ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ የኩባንያው ሹም የኩባንያውን ባንዲራም ካልሰቀልኩ ብሎ ድርቅ አለ። ሕዝቡ አቡሺሪ በሚባል ሰው መሪነት ተነሳ፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ኩባንያው ከባጋሞዮና ከዳሬሰላም በቀር የባሕሩን ዳርቻ ከሞላ ጎደል አጣው። በርሊን በ1889 ወታደር ልካ አመፁን ደፈጠጠች፣ በ1891 አገሩን ራሷ ያዘች። ሞምባሳ ላይ የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያም ገንዘቡ አልቆ በ1895 ግዛቱን ለለንደን አስረክቦ ወጣ። ባለ አገሩን የጠየቀ ግን የለም።