ሳተላይቱ በሬውን አላየውም

አምና ሰኔ ላይ አጎቴ ከመርዓዊ ደወሉልኝ። ሰላምታው እንኳ በቅጡ አላለቀም። «አንተ ልጅ፣ ትናንት ሌሊት በሬዬን ነድተውብኛል። እስቲ በዚያ በሳተላይትህ ወዴት እንደወሰዱት እይልኝ።»

እንጀራዬ የሳተላይት ምስል ነው። ይህን ጥያቄ ሰርግ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ሚኒባስ ውስጥም ሰምቼዋለሁ። አልዋሽም፣ ሰልችቶኛል።

ሰው ሳተላይት ሲባል ሌት ተቀን ቁልቁል የሚያፈጥ ካሜራ ይመስለዋል። አያፈጥም፤ ያልፋል። እኛ በነፃ የምናወርደው ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል ከ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚነሳ ነው። ሁለቱ ሳተላይቶች እየተፈራረቁ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሳሉ፤ ያውም ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ። የበሬ ሌባ ደግሞ ረፋድ ላይ አይወጣም። ቢወጣስ? የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) መሬት 25 ነጥብ ብቻ ነው። የአጎቴ በሬ ከነቀንዱ የአንዲቷን ነጥብ ጥግ አይሞላም። በዚያ ላይ ሰኔ ነው፤ ከላይ የሚታየው ደመና ብቻ።

«ታዲያ ስልክ ላይ ጣራዬ ሳይቀር የሚታየው?» አሉኝ። እሱ ሌላ ነው። የንግድ ሳተላይቶችና አውሮፕላኖች በተለያየ ጊዜ ያነሱት፣ ተገጣጥሞ የተሰፋ ምስል ነው። የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ከለበሰ 3 ዓመቱ፤ ስልኬ ላይ ግን አሁንም ሣር ክዳን ነው! ይህንኑ ምስል ይዞ «ድንበሬን ገፋኝ» የሚል ሰው አይቻለሁ። ባላጋራውም የሌላ ዓመት ምስል ይዞ መጣ። ምስሉ ራሱ ጥቂት ሜትር ወደ ጎን ሊንሸራተት እንደሚችል ሁለቱም አያውቁም። እባካችሁ፣ መጀመሪያ የተነሳበትን ቀን እዩ። ለድንበር ደግሞ ቀያሽ ጥሩ።

«ክረምት ላይ ሳተላይት ዕውር ነው» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ሴንቲኔል 1 የሚባለው ሳተላይት የራሱን ሞገድ ልኮ ተመላሹን የሚያነብ ራዳር ስለሆነ ደመናም ጨለማም አያግደውም። የረጋ ውሃ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያነጥረው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጎርፍ የተኛበት ማሳ የሚለየው በዚህ ነው።

«አረንጓዴ ከሆነ ደን ነው» የሚሉም አሉ። አዊ ሂዱና እዩ። ገበሬው ማሳው ላይ የተከለው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ከላይ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። በጥቂት ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። የአንድ ዓመት ምስል አይቶ «ደናችን አገገመ» ማለት ይቅር። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ ያነሱት በነፃ ይገኛል፤ ዓመት ከዓመት አስተያዩ።

የጣና እምቦጭ በሳተላይት ምስል ላይ በደንብ ተለይቶ ይታያል። ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ያንጸባርቃል፣ ውሃ ግን ይውጠዋል። ችግሩ አረሙን ከቦታ ቦታ የሚገፋው ነፋስ ነው። በሰኞ ምስል ዓርብ ጀልባ የሚያስነሳ ሰው ባዶ ውሃ ያገኛል።

«ቤቴ ውስጥ ያዩኛል።» ካሜራው ጣራ አያልፍም።

«ኢትዮጵያ ሳተላይት አምጥቃ አታውቅም።» የመጀመሪያዋ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጥቃለች፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም እንጦጦ ነበር።

በሬው በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ጭቃው ላይ ዱካውን ተከትለው የደረሱበት የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው። አጎቴ ግን ዛሬም ሲደውሉ «ያ ሳተላይትህ ገና አላለፈም?» ይሉኛል።