መዋጮ በቤተ ሙከራ

አራት ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ፊት ይቀመጣሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደተመደበ አያውቁም። ለእያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡም በመጨረሻ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይመነዘራል። ከ20ው የፈለጉትን ያህል ወደ ጋራ ካዝና ያስገባሉ፣ የቀረው የግላቸው ነው። ካዝና የገባች እያንዳንዷ ነጥብ ላዋጣውም ላላዋጣውም፣ ለአራቱም 0.4 ነጥብ ታስገኛለች። ሁሉም ያላቸውን ካዋጡ እያንዳንዳቸው 32 ይደርሳቸዋል። ሦስቱ አዋጥተው አንዱ እጁን ከሰበሰበ ግን እርሱ 44፣ እነርሱ 24 ያገኛሉ። ኢኮኖሚስቶች የቡድን ጠባይን ከሚፈትኑባቸው ሙከራዎች እጅግ የታወቀው ይህ የጋራ ጥቅም ጨዋታ ነው።

ሰው ለራሱ ብቻ አሳቢ ነው የሚለው ንድፈ ሐሳብ ማንም ምንም አያዋጣም ብሎ ይተነብያል። በተግባር ተሳታፊዎች በመጀመሪያው ዙር ከያዙት ግማሽ ገደማ ያዋጣሉ። ዙሩ ሲደጋገም ግን መዋጮው እየሳሳ ይሄዳል። ለምን? ዑርስ ፊሽባኸር፣ ሲሞን ጌሽተርና ኤርንስት ፌር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ «ሌላው ካዋጣ አዋጣለሁ» ባዮች ሆነው ተገኙ፤ ሲሶ ያህሉ ደግሞ ሌላው የቱንም ያህል ቢሰጥ ምንም የማይሰጡ ናቸው። ቅን የሚመስሉት የመጀመሪያዎቹም ቢሆኑ ከባልንጀራቸው ትንሽ ዝቅ አድርገው መስጠት ይቀናቸዋል። ካዝናውን የሚያደርቀው ይህቺ ትንሽዬ ጉድለት ናት።

ፌርና ጌሽተር እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ደንብ ጨመሩ፦ ተሳታፊው የሌሎቹን መዋጮ አይቶ፣ ከራሱ ነጥብ ከፍሎ ሌላውን መቅጣት ይችላል። መዋጮው ወዲያው አንሰራራ። ቀብር የቀረ አባሉን የሚቀጣ እድር እያየ ላደገ ሰው ይህ ብዙም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ቡድኑ በየዙሩ ተበትኖ ቀጪው ምንም በማይጠቀምበት ጊዜም ከኪሱ ከፍሎ መቅጣቱ ነው።

ቅጣት ግን ሁልጊዜ ሰነፉን ብቻ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ከቦስተን እስከ ቼንግዱ በ16 የተሳታፊ ስብስቦች የተካሄደ ሙከራ እንዳሳየው በአንዳንድ ቦታ፣ በተለይ በአቴንስና በሙስካት፣ ብዙ ያዋጡትም ተቀጥተዋል። በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ውጤት እንደዚህኛው ያሳሰበኝ የለም።

በዘርፉ ላይ የሚሰነዘረው የተለመደ ወቀሳ ተሳታፊዎቹ ተማሪዎች፣ ገንዘቡም የኪስ ገንዘብ መሆኑ ነው። ከተሰጡት መልሶች አንዱ የመጣው ከባሌ ነው። ዴቬሽ ረስታጊ፣ ሽቴፋኒ ኤንግልና ሚካኤል ኮስፌልድ ደን በጋራ የሚያስተዳድሩ የ49 የኦሮሞ ገበሬ ቡድኖችን 679 አባላት እንዲህ ያለ ጨዋታ አጫወቷቸው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ከሚጠብቀው ደን ጋር አስተያዩት። «ሌላው ካዋጣ» ባዮች በበዙበት ቡድን ለወደፊት የሚደርሱ ወጣት ዛፎች በሄክታር በዝተው ተገኙ። እነዚሁ ሰዎች ምንም ከማያዋጡት ይልቅ ደኑን እየዞሩ በመጠበቅ ብዙ ሰዓት ያሳልፉ ነበር።