«ጉልህ መጠን» ሲባል 25 ኪሎ ዩራኒየም ማለት ነው?

በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሰነዶች የሚጠቀሰው «ጉልህ መጠን» ብዙ ጊዜ ለአንድ ቦምብ ልክ የሚበቃ ክብደት ይመስላል። መለኪያው ግን የኒውክሌር ፈንጂ ሊሠራበት አይችልም ብሎ መደምደም የማይቻልበትን ግምታዊ መጠን የሚያመለክት ሲሆን፣ በማምረት ሂደት የሚባክነውንም ታሳቢ ያደርጋል። ለፕሉቶኒየም 8 ኪሎ ግራም ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው የዩራኒየሙ ነው፤ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ለበለጸገው (በቀላሉ የሚሰነጠቀው የዩራኒየም ዓይነት፣ ዩራኒየም 235፣ ድርሻው እዚያ ድረስ ከፍ እንዲል ለተደረገው) የተቀመጠው 25 ኪሎ ግራም የሚቆጠረው በውስጡ ባለው ዩራኒየም 235 እንጂ በጠቅላላ ክብደቱ አይደለም። ስለዚህ 60 በመቶ የበለጸገ ከሆነ 42 ኪሎ ግራም ገደማ መሆን አለበት (በዜና የሚሰማው 42 የሚመጣው ከዚህ ስሌት ነው)። ከ20 በመቶ በታች ለሆነው ወሰኑ 75 ኪሎ ግራም ዩራኒየም 235 ነው።

ተቆጣጣሪዎች የብልጽግናውን ደረጃ የሚያጣሩበት አንዱ መንገድ ዩራኒየም 235 የሚያመነጨውን፣ 186 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት ያለውን ጋማ ጨረር መቁጠር ነው። ዩራኒየም የራሱን ጨረር ስለሚውጥ መሣሪያው የሚያየው የላይኛውን ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ በመሆኑም ይዘቱ በቂ ውፍረት እስካለው ድረስ ቆጠራው የሚለዋወጠው በክብደቱ ሳይሆን በብልጽግናው ነው። የመያዣው ግድግዳም ጨረሩን ስለሚቀንስ ውፍረቱ በአልትራሳውንድ ይለካል፤ ክብደቱን የሚነግረው ሚዛን ነው።