የአዋሽ ሸለቆ ምንድን ነው?

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ግንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሳል፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ከዚያም ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አንዲት ጠብታ እንኳ ባሕር አትደርስም። ሸለቆውን ለመረዳት ከዚህ መጀመር ይሻላል። ወንዙ ይዞት የወረደው አፈር ሁሉ አገር ውስጥ ነው የቀረው።

ተፋሰስና ሸለቆ አንዳንዴ ይምታታሉ። ተፋሰስ ማለት ዝናቡ በመጨረሻ ወደ አዋሽ የሚወርድ አገር በሙሉ ነው፤ አዲስ አበባም አለችበት። ሸለቆው ግን ወንዙ የሚሄድበት ዝቅ ያለው መሬት ነው። ከቆቃ ወደ ወንጂና መተሐራ፣ ከዚያ በአሚባራና በገዋኔ አድርጎ እስከ ዱብቲና አሳይታ ይወርዳል።

ይህን ሸለቆ ውሃ ብቻውን አልቆፈረውም። መሬቱ ራሱ እየተሰነጠቀ ነው። አፋር ላይ ሦስት ግዙፍ የመሬት ቅርፊቶች፣ የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ፣ ቀስ በቀስ እየተራራቁ ነው። ሲራራቁ መሃሉ ይሰምጣል። የሰመጠው ቦታ ላይ ውሃ ይተኛል፣ ደለል ይሞላል፣ የእሳተ ገሞራ አመድም ከላይ ያለብሰዋል። ለሚሊዮኖች ዓመታት እንዲህ ሲደራረብ ኖሯል። በሌላ ጊዜ ደግሞ መሬቱ ይሰበራል፣ ጎርፍ ይሸረሽረዋል፣ ተቀብሮ የኖረው አጥንትም ብቅ ይላል። አመዱን ንቀን ማለፍ የለብንም። ያን ያህል የቆየ፣ ድንጋይ የሆነ አጥንት ዕድሜው በቀጥታ አይለካም። ከበላዩና ከበታቹ ያለው አመድ ግን ይለካል።

ድንቅነሽ የተገኘችው በዚህ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ሐዳር ላይ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከሐዳር ወንዙን ሲሻገሩ ዲኪካ አለ። እዚያ ደግሞ በተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን «ሰላም» የተባለችውን ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል፤ ስትሞት ግን ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ ከሁሉም ይልቅ ሆዴን የምታባባው እሷ ናት። ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። አራሚስ የተባለው ቦታ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን «አርዲ» የተባለች ቅሪተ አካል ሰጠን። ሄርቶ ላይ የተገኘው የራስ ቅል ደግሞ የእኛው የዘመናዊው ሰው ነው፤ 160,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ተመራማሪዎቹ «ኢዳልቱ» አሉት፣ በአፋርኛ አንጋፋ ማለት ነው። አንድ ወንዝ ይህን ሁሉ ዘመን ሲይዝ ያስገርማል። ታችኛው አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ስለ አዋሽ ሲወራ ብዙ ጊዜ ወሬው አጥንቱ ላይ ያልቃል። ይህ አይበቃም። አጥንቱን የሸፈነው ዓይነት ደለል ዛሬም ሣር ያበቅላል። በክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ወንዙ ይሞላል፣ ዳርና ዳሩን ያጥለቀልቃል። ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ይለመልማል። የአፋርና የከረዩ ከብት አርቢዎች በበጋ ከብታቸውን ይዘው የሚወርዱት ወደዚህ ነበር። ሌላው አገር ሲደርቅ የቀረላቸው ይሄ ነው።

እርሻም የፈለገው ያንኑ መሬት ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1960 ቆቃ ተገደበ፤ መብራት ሰጠ፣ የወንዙንም አፈሳስ ለወጠ። መተሐራ ላይ ሸንኮራ፣ አሚባራና ተንዳሆ ላይ ጥጥ ተስፋፋ። በአውሳ በሱልጣን አሊሚራህ ዘመን አፋሮች ራሳቸውም ጥጥ አልምተዋል። ስኳሩንም ጥጡንም አገር ተጠቅሞበታል፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን የተወሰደው መሬት ዝም ብሎ የተቀመጠ ጠፍ አልነበረም፤ የክፉ ቀን ግጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ ሲመጣ ብዙ አርቢ መሸሻ ያጣው ለዚህ ነው።

አቤ ሐይቅም ድርሻው ቀንሶበታል። መውጫ ስለሌለው ውሃው የሚሄደው በትነት ብቻ ነው፤ ጨውና ማዕድኑ ከታች ይቀራል። ላይ በተጠለፈ ቁጥር የሐይቁ ዳር ይሸሻል። ዛሬ ዳርቻው ላይ እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ የኖራ ድንጋይ ምሰሶዎች ይታያሉ። የተሠሩት ውሃ ውስጥ ነው። አሁን ደረቅ መሬት ላይ ቆመዋል፣ ከአንዳንዶቹም እንፋሎት ይወጣል።