የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ሶፍትዌሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሶፍትዌሩ ፋይሉን መልሶታል፤ ስሙም ቀኑም ልክ ነው። ሌላ ምን ይፈለጋል?» ይህን ከዲጂታል ማስረጃ ባለሙያዎች መስማት ሰልችቶኛል። ስሙ ልክ ስለሆነ ይዘቱም የራሱ ነው ማለት አይደለም።

ብዙ ፍላሽ ላይ ያለውን ፋት32 የተባለ የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች የት እንደተቀመጡ የሚመዘግብ አሠራር) እንይ። ፋይል ሲሰረዝ መዝገቡ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይደረጋል። መጠኑና የሚጀምርበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ቀጣዮቹ ክላስተሮች (ፋይል ተከፋፍሎ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ የዲስክ ክፍሎች) የት እንዳሉ የሚያሳየው ሰንሰለት ግን ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ሶፍትዌሩ የሚሠራው በግምት ነው። አንዱ ከመነሻው ጀምሮ ተከታትሎ ያለውን ሁሉ ያፍሳል፤ ሌላው በሥራ ላይ ያሉትን ክላስተሮች ይዘላል። ፋይሉ ተበታትኖ ከነበረ የአንዱ ፋይል ስም የሌላውን ፋይል ሆድ ዕቃ ይዞ ይወጣል። የሒሳብ መዝገብ ተብሎ የቀረበ የጽሑፍ ፋይል መሃሉ ላይ የሌላ ሰው ደብዳቤ ተሰንቅሮበት አይቻለሁ። ያቀረበው መርማሪ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር ያነበበው። በዚህ ሰው ሊታሰር ይችላል!

ስለዚህ መጀመሪያ ሶፍትዌሩን መልሱን በምታውቁት ነገር ሞክሩት። ፍላሹን ሙሉ በሙሉ በዜሮ ሙሉት፣ ከዚያ ፎርማት አድርጉት። «ሀ» የተባለ ፋይል ፍጠሩና እያንዳንዱ መስመር ላይ የፋይሉን ስምና ተራ ቁጥር ጻፉ። ቀጥሎ «ለ»ን በዚሁ መልክ ፍጠሩ። አሁን ተመልሳችሁ «ሀ» ላይ ከአንድ ክላስተር የሚበልጥ ጽሑፍ ጨምሩ። «ሀ»ን ሰርዙና ሶፍትዌሩን አስነሱት። የተመለሰው «ሀ» ውስጥ የ«ለ» መስመር ካለ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሁለቱንም ሰርዛችሁ ድገሙት፤ ክላስተር የሚዘለው ሶፍትዌርም እዚህ ላይ ይሳሳታል።

«ሃሹ ገጥሟል» የሚሉም አሉ። ሃሹ፣ ማለትም ከዳታው ተሰልቶ የሚወጣው የማረጋገጫ ቁጥር፣ የዲስኩ ቅጂ አለመቀየሩን እንጂ የተመለሰው ፋይል በትክክል መገጣጠሙን አይናገርም።

«የተፈተነ ሶፍትዌር ነው።» የትኛው ቨርዥን? በየትኛው የፋይል ሥርዓት ላይ? የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ የፈተና ሪፖርት የሚያወጣው ለተወሰነ ቨርዥን ነው። ያንን ሳታዩ «ተፈትኗል» አትበሉ።

«ኤንቲኤፍኤስም ያው ነው።» አይደለም። በዚህ የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት የፋይሉ መዝገብ በሌላ እስኪተካ ድረስ ቁርጥራጮቹ የነበሩበትን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ቦታው ላይ ሌላ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ግን አሁንም ማጣራት አለባችሁ።

«ኤስኤስዲ ላይ ምንም ካላገኘ ሶፍትዌሩ ደካማ ነው።» ኤስኤስዲ ተሽከርካሪ አካል የሌለው ዲስክ ነው። ትሪም፣ ማለትም የተሰረዘው ቦታ እንደማይፈለግ ለዲስኩ የሚነግረው ትእዛዝ፣ ከሠራ የተሰረዘው ዳታ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ዜሮ ብቻ ነው የሚመጣው። ከዜሮ ፋይል የሚያወጣ ሶፍትዌር የለም።